ነፍስ ወከፍ

ከፖርትስመዝ ማዶ፣ ጎስፖርት በሚሉት፣
ቅጥራን ቅጥራን ይላል የሥራዬ ቤት።
እዚያ ወለሉ ላይ፣ ሸራ ተቀምጬ፣
አርባ ዓመት ሰፋሁ፣ ነፋስን ቆርጬ።

«ክሪች ሸራ ሰፊው» ይለኛል ጎረቤት፤
መዳፌን በቆዳ ጠፍሬ በጠዋት፣
በአንድ አውራ ጣት ስፋት ሰባት ነው ጥልፌ፤
አባቴ እንዳስያዘኝ፤ አላውቅም አልፌ።
ጫፉ ላይ ስደርስ ግን፣ ማንም የማያየው
ቋጠሮ አለችኝ፣ ወደ ግራ የማዞረው።
እሷው ናት ፊርማዬ። ፊደል ያልቆጠረ
ስሙን እንዲህ ጻፈ፤ ሲባጎ ቋጠረ።

አንድ ጥቅምት ላይ ነው፣ እንግዳ መጣና፣
ባርኔጣው ረጅም፣ ንግግሩ ቀና፣
«ፈጣን መርከብ አለኝ፤ የዘንባባ ዘይት
ከጊኒ ጠረፍ ነው የማመላልስበት»
ብሎ በወርቅ ከፈለ፣ ሳይከራከር ዋጋ።

«ዘይት ምን አስቸኮለው?» አለችኝ ዶርካስ፤
የልጄ ሚስት ናት፤ ምላሷ መቀስ።
«ዘይት አይርበውም፣ አይታመም በጉዞ፤
ይህን ሁሉ ሸራ ምን ያደርጋል ይዞ?»
ዝም በይ አልኳት። ክረምቱ ከባድ ነው፤
ከሰል ተወድዷል፤ ወርቁም ወርቅ ነው።

የእኔው ልጅ ሲላስ ግን፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ፣
በንግሥቲቱ መርከብ፣ እንቅልፉን አጥቶ፣
ከቤኒን ባሕረ ሰላጤ ሰው ጫኙን ያድናል፤
የጫነውን ያድናል።
በደብዳቤው አለኝ፦ «አባዬ፣ ትናንትና
ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አባረርናትና
አመለጠችን! ክንፏ ነጭ፣ ወገቧ ሸንበቆ፣
ነፋሱ የሷ ነው፤ እኛን ትቶን ርቆ።
እንዲያ ያለ ሸራ ማን ሰፋላት ደግሞ?
እጁ ይቆረጥና!»

ሳቅሁ ያን ጊዜ። የልጅ ቀልድ መስሎኝ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጭጋግ ወደቡን በዋጠበት ቀን፣
«ከምርኮ የመጣ ነው፤ ጠግንልን» ብለው
አንድ ጥቅል ሸራ ከደጄ ጣሉልኝ።
ጥይት ሁለት ቦታ በስቶታል።
ዘረጋሁት። ጨው ረገፈ ከእጥፉ።
ሌላም ሽታ ነበረው፤ ዘይት ያልሆነ።
ጠርዙን በአውራ ጣቴ ለካሁ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሰባት።
ከጫፉ ደረስሁ።
ወደ ግራ ዞራለች።

ያን ሰሞን ነው ዶርካስ ከመዝገብ ቤት የመጣችው፣
ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ወረቀት ጨብጣ።
ያቺኑ መርከብ ይዘው፣ ሲመለሱ በመንገድ
ሲላስን በልቶታል የዚያ አገር ንዳድ።
የድርሻው ነው አሉ፤ ስሌቱም ተጽፏል፦
ነጻ ለወጣ ሰው በነፍስ ወከፍ አምስት ፓውንድ፤
ምድር ሳይረግጥ ለሞተ፣ የአምስቱ እኩሌታ።
አራት መቶ ስድስት ነበሩ ከሆዷ ውስጥ፤
ሃምሳ ሁለቱ እኩሌታ ሆነዋል።
ከዚያ ላይ ለአድሚራሉ፣
ለካፒቴኑ፣ ለመኮንኑ፣ ለጸሐፊው ተቆርጦ፣
እስከ ምሰሶው ሰው ድረስ ተንጠባጥቦ
የደረሰው ይኸው ነው፤ በመሐረብ ጥግ ይታሰራል።

«አባባ» አለችኝ «ግማሽ ነፍስ ስንት ነው?
ሳንቲሙን ልቁረጠው?»
ቀጥላም «ለሲላስስ?»
ለሲላስ ደንቡ ነፍስ ወከፍ አልጻፈም።

ስለ ሸራው አልነገርኋትም።
እሷ ግን ወለሉን አየች፣ እጄን አየች፤
መቀስ ምላሷን ያን ቀን ሰበሰበችው።
እሱ ነው የከበደኝ።

ጎረቤት ሊያጽናናኝ መጣ፤ ምኑን እንዳዘንሁ ሳያውቅ፦
«ተወው፤ የእግዜር ሥራ ነው፤ ባሕሩ ሰፊ ነው።»
ሰፊስ እኔ ነኝ።

ሌሊት፣ ሻማ ለኩሼ፣ ቋጠሮዋን ፈታሁ፤
በጥርሴ ነው የፈታሁ፣ ጨዋማ ናት።
ሸራውን ጠገንሁት፤ አዳኞቹ ይሹታል፤
ሰው ጫኙ አልተኛም፣ ነፋሱም አልቆመም።
ከጫፉ ስደርስ ወደ ቀኝ ላዞር አልሁ፣
አዲስ ቋጠሮ፣ የማንም ያልሆነ።
ሲባጎውን ሳብሁ፣
ዓይኔን ጨፈንሁ፣
እጄ የለመደውን ሄደ፤
ወደ ግራ።